በኮሚሽን የሚሸጥ ሰው ሠራተኛ ነው ወይስ ነጋዴ?

የሠራተኛ ሕግ ትምህርት የጀመርን ዕለት መምህራችን «ሠራተኛ ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁን ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሠራተኛማ የሚሠራ ነዋ! እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ፤ ክረምት ላይ ቤት ስገባ ግን ሳቄ ጠፋ።

ታላቅ እህቴ ለአንድ ድርጅት የወጥ ቤት ዕቃ ቤት ለቤት እየዞረች ስትሸጥ ሁለት ዓመት አልፏታል። ጠዋት ቢሮ ቀርባ ትፈርማለች፤ የምትዞርበት ሰፈር ይነገራታል፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ድርጅቱ ነው፤ ማታ ሪፖርት ታቀርባለች። ክፍያዋ ግን ኮሚሽን ብቻ ነው። ካልሸጠች ሰባራ ሳንቲም የላትም። አርግዛ የወሊድ ፈቃድ ስትጠይቅ «አንቺ እኮ ሠራተኛ አይደለሽም፣ በራስሽ የምትሠሪ ሻጭ ነሽ፤ ውልሽን አንብቢው» አሏት። አነበብነው፤ እውነትም እንዲያ ይላል።

ለመሆኑ ወረቀቱ እንዲህ ስላለ ነገሩ አበቃለት ማለት ነው? የዚህች አጭር ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 4 እንደሚደነግገው፣ አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ሥራ ለመሥራት በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ ከተስማማ የሥራ ውል ተመሥርቷል። አንቀጽ 5 ደግሞ በሕግ በሌላ ሁኔታ ካልተደነገገ በስተቀር ውሉ የተለየ ፎርም አያስፈልገውም ይላል። በሌላ በኩል አንቀጽ 3 ዋጋ እየተከፈለው በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው ከአዋጁ ውጪ ያደርገዋል። እንግዲህ መለያው የውሉ ርዕስ ሳይሆን ሥራው በማን መሪነትና በማን ኃላፊነት እንደሚሠራ ነው።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በሥራ ውል ከነጋዴው ጋር ታስሮ ደንበኛ ለመፈለግ የሚዞረውን ሰው ነጋዴ አይደለም ይል ነበር፤ በሥራ ውል ሳይታሰር ራሱን ችሎ የሚሠራውን የንግድ ወኪል ደግሞ ለብቻው ያስቀምጠው ነበር። ያ የሕጉ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ቢተካም ልዩነቱ ዛሬም ይጠቅመናል።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ እየዞረ የሚሸጥ ሁሉ ሠራተኛ ነው አልልም። በራሱ ገንዘብ ዕቃ ገዝቶ፣ ዋጋውን ራሱ ቆርጦ፣ ሲፈልግ ወጥቶ ሳይፈልግ ቤቱ የሚውል፣ ቢከስር ኪሳራው የራሱ የሆነ ሰው ነጋዴ ነው። እህቴ ግን ከእነዚህ አንዱንም አትመርጥም። የነጋዴው ነፃነት ሳይኖራት የነጋዴው ሥጋት ብቻ ደረሳት።

የድርጅቱ ጠንካራ መከራከሪያ ሌላ ቦታ ነው ያለው። አንቀጽ 53 ደመወዝን ከተረጎመ በኋላ ደመወዝ ተብለው የማይቆጠሩ ክፍያዎችን ሲዘረዝር ኮሚሽንን ይጨምራል። እንግዲያው ኮሚሽን ብቻ የሚከፈለው ሰው ደመወዝ የለውም፤ ደመወዝ ከሌለ የሥራ ውል የለም ሊባል ነው። በእኔ እምነት ይህ ነገሩን ገልብጦ ማንበብ ነው። አንቀጽ 53 ሠራተኛ መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ሰው ክፍያ እንዴት እንደሚሰላ ይናገራል እንጂ ማን ሠራተኛ እንደሆነ አይወስንም። አለዚያማ ማንም አሠሪ ደመወዙን «ኮሚሽን» ብሎ ሰይሞ ከአዋጁ ሊያመልጥ ነው!

ሆኖም ችግሩ እዚህ ላይ አያበቃም። እህቴ ሠራተኛ ናት ተባለ እንበል። አዋጁ 30 ቀን የቅድመ ወሊድና 90 ቀን የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣታል፤ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት ደግሞ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አላት። ነገር ግን ኮሚሽኑ ደመወዝ ካልተባለ ፈቃዱ በምን ይሰላል? ከደመወዝ ላይ አሠሪው 11 በመቶ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡት ጡረታስ? መብቱን አግኝታ ገንዘቡን ታጣለች ማለት ነው።

ሌላ አገር እንይ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ የግብር ሕግ ቤት ለቤት የሚሸጡ ሰዎችን በሦስት ሁኔታዎች ከሠራተኛነት ያወጣል፦ ከቋሚ ሱቅ ውጪ የፍጆታ ዕቃ መሸጥ፣ ክፍያው በሰዓት ሳይሆን በሽያጭ መሆኑ፣ በጽሑፍም ለፌዴራል ግብር እንደ ሠራተኛ አይታይም የሚል ውል መኖሩ። እዚያ ወረቀቱ ዋጋ ያገኘው ሕግ አውጪው ለግብር ጉዳይ ብሎ በግልጽ ስለጻፈው ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ድንጋጌ በአዋጁ ሳይኖር ድርጅቶች በራሳቸው ውል ሊጽፉት አይገባም።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ክፍያው በሙሉ ወይም በአብዛኛው ኮሚሽን የሆነ ሠራተኛ ያለፉት ወራት አማካይ ገቢው እንደ ደመወዝ ይቆጠርለት የሚል አንድ ንዑስ አንቀጽ በአዋጁ ቢጨመር ብዙ ክርክር ይዘጋል።

እህቴ አልከሰሰችም። በወለደች በሁለት ወሯ ልጇን ለእናታችን ትታ ሥራዋን ቀጠለች። አሁንም ጠዋት ጠዋት ቢሮ ገብታ ትፈርማለች። እስቲ እናንተም በየክፍላችሁ ተከራከሩበት፤ በየቀኑ ካልፈረመች የምትጠየቅ «ነጋዴ» አይታችሁ ታውቃላችሁ?