የማኅበረሰብ ስፖርት ክለብ ታሪክ እንዴት ይጻፋል? ከአዲስ አበባ ተሞክሮ ለአሶሳ የሚሆን ትምህርት

መግቢያ

ስለ ስፖርት ክለቦች የሚጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የዋንጫና የውጤት ዝርዝር ነው። ውጤት ማን እንዳሸነፈ ይነግረናል፤ ክለቡን ማን እንደ መሠረተው፣ በማን ገንዘብ እንደ ቆመና ማንን በአባልነት እንደ ተቀበለ ግን አይነግረንም። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ የክለብ ታሪክ በቅድሚያ ከአባልነት መሠረቱ ሊነበብ ይገባል የሚል ነው። ለማስረጃም ከስኮትላንድ የጎልፍ ክለቦች አንድ ሰነድ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ የማኅበረሰብ የእግር ኳስ ክለቦችን ይመለከታል፤ በመጨረሻም በአሶሳ ለሚደረግ ጥናት አቅጣጫ ይጠቁማል።

የሰነድ ፋይዳ

በጎልፍ ታሪክ የታወቀው ቀደምት ደንብ በ1744 እ.ኤ.አ. በኤዲንብራ አጠገብ በምትገኘው ሊዝ የተጻፈው ነው። የኤዲንብራ ከተማ አስተዳደር ለውድድሩ ከብር የተሠራ የጎልፍ ዱላ በሽልማትነት አቀረበ፤ ለሽልማት የሚደረግ ውድድርም ሁሉም የሚገዛበት ደንብ ስለሚያሻው ተጫዋቾቹ 13 አንቀጾች ጻፉ። የዕለቱን ጉዳይ ለማስፈጸም የተጻፈው ወረቀት ከ280 ዓመት በኋላ ለተመራማሪ ዋና ምንጭ ሆኗል። ክለቦች ለታሪክ ብለው አይጽፉም፤ ለሥራቸው የጻፉት ግን ታሪክ ይሆናል።

ስም እንደ ታሪክ ምንጭ

በአገራችን ሰነድ በሳሳበት ቦታ የክለቡ ስም ራሱ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አራዳ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ሲመሠረት የአካባቢውን ደብር ስም ያዘ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ያዘ፤ በወረራው ዘመንም ክለቡ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። የስያሜው ሁለት ክፍሎች ተለያይተው መነበብ አለባቸው። «ሊቶሪዮ» የፋሺስቱን ሥርዓት ዓርማ ያመለክታል፤ «ውቤ ሰፈር» ግን የነዋሪው ነው። ገዥው የራሱን ምልክት ቢለጥፍም፣ ክለቡን ለመለየት የሰፈሩን ስም መጥራት ግድ ሆኖበታል።

ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው የአገር አቀፍ ሻምፒዮና የአባልነት መሠረትን ይበልጥ ግልጽ ያደርጋል። ተወዳዳሪዎቹ አምስት ነበሩ፦ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልእኮ ቡድን። ዋንጫውን የወሰደው የመጨረሻው ነው። የውጤት ታሪክ በዚህ ያበቃል፤ የአባልነት ታሪክ ግን እዚህ ይጀምራል። የሻምፒዮናው ዝርዝር በወቅቱ በመዲናዪቱ የነበሩትን ማኅበረሰቦችና የውጭ ኃይል መገኘት በአንድ ገጽ ያሳያልና።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ክለብ ደጋግሞ ሻምፒዮን ሆነ። መሠረቱ ሰፈር ወይም ማኅበረሰብ ሳይሆን መሥሪያ ቤት ነበር። ዛሬ ብዙ ክለቦች የከተማ ስም ይዘዋል። ከማኅበረሰብ ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም ወደ ከተማ የተደረገው ሽግግር የበጀት ምንጭ ብቻ ሳይሆን «ክለቡ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስም የተለወጠበት ነው።

ለአሶሳ የሚኖረው አንድምታ

አሶሳ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የሚኖሩበት ክልል ርእሰ ከተማ ናት፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰፈራ ፕሮግራም የመጡ ብዙ ቤተሰቦችም በአካባቢዋ ኑሮ መሥርተዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ የአንድ ሜዳ ወይም የአንድ ቡድን ታሪክ አብሮ የመኖር ታሪክ ነው። ስለዚህ የመሥራችነት ጥያቄ ከባድ ነው፤ አንዱ ወገን ብቻ ከተጠየቀ የሌላው ድርሻ ከታሪኩ ይወጣል።

የበርታ ዙምባራ እዚህ ላይ የሚያስተምረን አለ። እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ነው፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም በየተራቸው ሲገቡ ነው። የቃል ታሪክ ጥናትም እንደዚሁ ነው። አንድን ክስተት ቢያንስ ከሁለት ማኅበረሰብ አዛውንቶች መጠየቅ፣ ቃላቸውንም ከቃለ ጉባኤ፣ ከመዋጮ ደረሰኝና ከፎቶግራፍ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ሜዳው ቀድሞ የማን ይዞታ እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ደለደለው፣ ማልያው በማን መዋጮ እንደ ተገዛ፣ ሴቶች ምን ድርሻ እንደ ነበራቸው መጠየቅም ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ

ከአራዳ ሰፈር ክለብ የተነሣው ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሏል። ትንሽ የሚመስል ክለብ የት እንደሚያደርስ አስቀድሞ አይታወቅም። በመሆኑም በ2003 ዓ.ም. ለተቋቋመው አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ የሆነው ሥራ የአካባቢውን ክለቦች መዝገብ በቅጂ ማኖርና የመሥራቾቻቸውን ቃል መቅዳት ነው። ዋንጫ በመደርደሪያ ላይ ይቆያል፤ የመሥራች ትዝታ ግን ካልተቀዳ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።