የቴሌግራም ቡድን ለሥራ ላይ ትምህርትና ለዕውቀት መጋራት ያለው ፋይዳና ወሰን፦ ከአንድ ጤና ጣቢያ የተገኘ ምልከታ

መግቢያ

በበርካታ የአገራችን መሥሪያ ቤቶች የቴሌግራም ቡድን ከመልእክት ማስተላለፊያነት አልፎ የሥራ ላይ ትምህርት መድረክ ሆኗል። ሰርኩላር በፎቶ ይለቀቅበታል፤ የተቸገረ ይጠይቅበታል፤ ልምድ ያለው ይመልስበታል። ሆኖም በቡድኑ የተሰጠ መልስ ሁሉ የተቋሙ ዕውቀት ሆኗል ማለት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ማሳየትና የሚሞላበትን መንገድ መጠቆም ነው። መነሻው ጸሐፊው ቀደም ሲል በሠራበት አንድ ጤና ጣቢያ ያደረገው ምልከታ ስለሆነ፣ ድምዳሜው በሌሎች ተቋማት ሊፈተሽ ይገባዋል።

ጽንሰ ሐሳባዊ መነሻ

ማይክል ፖላኒ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ሥራው፣ ሰው የሚያውቀው በቃል ሊገልጸው ከሚችለው እንደሚበልጥ አስረድቷል። ኖናካና ታኬውቺ እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን ሐሳብ ወደ ድርጅቶች አምጥተው፣ ዕውቀት በአራት ሂደቶች እንደሚፈጠር አሳይተዋል፤ አብሮ በመሥራት ከሰው ወደ ሰው ይሸጋገራል፣ በቃል ወይም በጽሑፍ ይገለጻል፣ ከሌላ ግልጽ ዕውቀት ጋር ይቀናጃል፣ በተግባርም ይዋሐዳል። የቴሌግራም ቡድን ይበልጥ የሚያቀላጥፈው ሁለተኛውን ሂደት ነው። ሦስተኛውን፣ ማለትም ማቀናጀትን፣ ግን በራሱ አያከናውንም።

ምልከታ

በጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ የሚቀመጡ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለባቸው። አንድ ምሽት መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ አዲስ ተቀጣሪ የሆነ ተረኛ ምን ማድረግ እንዳለበት በቡድኑ ጠየቀ። አንዲት ነባር ሲስተር በድምፅ መልእክት መለሱለት፦ አይስ ፓክ ከፍሪዘር እንደወጣ ከክትባት ጋር አይቀመጥም፤ ሲነቀነቅ ውስጡ የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ውጭ መቆየት አለበት፤ እንደ ፔንታቫለንት ያሉ ክትባቶች በረዶ ከሠሩ ይበላሻሉና።

ከወራት በኋላ ሌላ ተረኛ ያው ችግር ገጠማት። መልሱን በቡድኑ ፈልጋ አጣችው፤ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን አይስ ፓክም ከክትባቶቹ ጋር አስቀመጠች። ክትባቶቹ በረዶ ሠርተው ስለተገኙ ተወገዱ። በማግስቱ ልጆቻቸውን አዝለው የመጡ እናቶች ሌላ ቀን እንዲመለሱ ተነገራቸው። ባልደረባችን ተወቀሰች፤ መልሱ ግን በሁላችንም ስልክ ውስጥ ነበር።

ውይይት

ለዚህ ሦስት ምክንያቶችን መጥቀስ ይቻላል። አንደኛው ከፍለጋ ጋር ይያያዛል። የድምፅ መልእክትና የሰርኩላር ፎቶ በቃል ተፈልገው አይገኙም። በጽሑፍ የተላለፈውም ቢሆን አንዱ «ኃይል»፣ ሌላው «ሀይል»፣ ሦስተኛው በላቲን ፊደል ስለሚጽፈው፣ ፊደልን ከፊደል የሚያመሳክር ፍለጋ ያልፈዋል። ሁለተኛው የቡድኑ ቅይጥ ባሕርይ ነው፤ የሥራ መልስ በበዓል መልካም ምኞትና በሐዘን መግለጫ ሥር ይቀበራል። ሦስተኛውና ጥልቁ ይሉኝታ ነው። ጀማሪ ባለሙያ አለቆቹ ባሉበት መድረክ «ይህንንም አታውቅም?» መባልን ስለሚፈራ በውስጥ መስመር ይጠይቃል። መልሱም የሁለት ሰዎች ገንዘብ ሆኖ ይቀራል።

ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳብ

ቡድኑን ማስፋት ወይም ሌላ መተግበሪያ መጨመር ብቻውን ክፍተቱን አይሞላም። የሚያስፈልገው ማቀናጀትን የአንድ ሰው መደበኛ ሥራ ማድረግ ነው። ይህ ባለሙያ በየሳምንቱ ጥያቄዎችንና መልሶችን ይለቅማል፣ የድምፁን ወደ ጽሑፍ ይመልሳል፣ ከሥራ መመሪያው ጋር አመሳክሮ በክፍል ኃላፊው ያስጸድቃል፣ በተወሰነ የፊደል አጻጻፍም ይመዘግባል። በውስጥ መስመር የተጠየቀውንም የጠያቂውን ስም ሳይጠቅስ ያካትታል። አስቸኳይ የሆነው በወረቀት ታትሞ ሥራው በሚከናወንበት ቦታ ይለጠፋል። የአይስ ፓኩ መመሪያ በማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ፣ ተረኛዋ በዚያ ምሽት ስልኳን መበርበር ባላስፈለጋት ነበር።