ምክትሉ ድምፅ ያመጣል?

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ዜግነት አግኝቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ልመርጥ ነው። የፕሬዚዳንት ዕጩዎች ምክትላቸውን በምን መስፈርት ይመርጣሉ? ለውጤቱስ ለውጥ ያመጣል?
አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ምክትሉን የሚመርጠው ዕጩው ራሱ ነው፤ የፓርቲው ጉባኤ ደግሞ ያጸድቀዋል። አማካሪዎች የሰውየውን ታሪክና የገንዘብ ሰነዶች ይመረምራሉ፤ የዋናውን ዕጩ ጉድለት የሚሞላ ሰውም ይፈለጋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ኬኔዲ የቴክሳሱን ጆንሰንን ይዘው ቴክሳስን አሸነፉ። በ2012 ግን ሮምኒ የዊስኮንሲኑን ራያንን ቢመርጡም ግዛቲቱ አመለጠቻቸው። መራጩ በአብዛኛው የሚያየው ዋናውን ነው።

ይሁንና 9 ምክትሎች ፕሬዚዳንቱ በመሞታቸው ወይም በመልቀቃቸው ሥልጣኑን ተረክበዋል። ለሁለቱ የሚሰጡት ድምፅ አንድ ስለሆነ «ነገ ይህ ሰው አገር ቢመራስ?» ብለው ይመዝኑ። ስለ ምዝገባና ስለ ድምፅ አሰጣጥ የካውንቲዎን የምርጫ ቢሮ ቢያነጋግሩ ይመረጣል።