«የጥፍር ፈንገስ ነው» ተብሎ ለወራት ያልዳነ ጥፍር፦ ሶሪያሲስ ይሆን?

ዛሬ እስቲ ስለ ጥፍር እናውራ።

ብዙ ሰው ጥፍሩ ሲወፍር፣ ቢጫ ሲሆን ወይም ሲፈረፈር በቀጥታ መድኃኒት ቤት ይሄድና «የፈንገስ መድኃኒት ስጡኝ» ይላል። ይሰጠዋል። ሦስት ወር ይውጣል፣ ለውጥ የለም። ሌላ ሦስት ወር ይጨምራል፣ አሁንም ያው ነው። እዚህ ደብረ ታቦር ካየኋቸው ታካሚዎች አንዷ ከፋርጣ ገጠር የመጣች እናት ናት፤ ግሪሲዮፉልቪን አንድ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም ነበር። ሻሿን እንድትፈታ ጠየቅኋት። ከጆሮዋ ጀርባና በፀጉሯ መጀመሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ያለው ቀይ ሽፍታ ነበር። «እሱ ፎሮፎር ነው፣ ጥፍሬን እይልኝ እንጂ» አለችኝ። ፎሮፎር አልነበረም። ጥፍሩም ጭንቅላቱም አንድ በሽታ ነው፦ ሶሪያሲስ።

ሶሪያሲስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ያለአግባቡ ሲነቃ የሚመጣ በሽታ ነው። ጤነኛ ቆዳ ራሱን ለመተካት አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ በሶሪያሲስ ግን ጥቂት ቀናት ብቻ ይበቁታል። ስለዚህ ቅርፊቱ ይከመራል። ጥፍርም የሚሠራው ከቆዳ ነውና አይቀርለትም። ሶሪያሲስ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በአንድ ወቅት የጥፍር ለውጥ ይታይባቸዋል። ቆዳቸው ላይ ምንም ሳይኖር ጥፍራቸው ብቻ የሚያዝባቸው ግን ጥቂት ናቸው። ለዚህ ነው ጥፍር ለማሳየት የመጣን ሰው ክርኑን፣ ጉልበቱን፣ እምብርቱንና የራስ ቆዳውን ካላየሁ የማላሰናብተው።

እንዴት እንለየው?

መጀመሪያ ጥፍራችሁን ወደ ብርሃን አዙሩት። በመርፌ ጫፍ የተወጋጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች፣ የእንጀራ ዓይን የመሰሉ፣ ይታያሉ? ከጥፍሩ ሥር፣ ጥፍር በሚሠራበት ቦታ፣ ያልበሰሉ ሴሎች ይፈጠሩና ጥፍሩ እያደገ ሲወጣ ረግፈው ቦታቸውን ባዶ ይተዉታል። ፈንገስ እንዲህ ዓይነት ጉድጓድ መሥራቱ የተለመደ አይደለም። (ላሽ ያለበትና ኤግዚማ ያለበት ሰውም ጉድጓድ ሊኖረው ይችላል፤ የላሹ ግን ደቀቅ ያለና የተሰለፈ ነው።) ሁለተኛው ምልክት እኔ በጣም የምወደው ነው፤ ዘይት ጠብ ያለበት ወረቀት የሚመስል ቢጫ ወደ ቀይ ያደላ ነጠብጣብ በጥፍሩ ሥር ይታያል። ከዚያ ጥፍሩ ከጫፉ ጀምሮ ከሥጋው ይላቀቃል፣ ከሥሩ ዱቄት መሰል ነገር ይጠራቀማል።

መወፈርና መፈርፈር ግን በሁለቱም አለ፤ ግራ የሚያጋባውም ይኼ ነው። ፈንገስ ብዙውን ጊዜ ከእግር፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ጥፍር ይጀምራል፤ በተለይ ቀኑን ሙሉ በላስቲክ ቦት የሚውል ሰው ላይ። ሶሪያሲስ ደግሞ ብዙ የእጅ ጥፍሮችን አንድ ላይ መያዝ ይወዳል። ሆኖም ሁለቱ በአንድ ጥፍር ላይ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። ስለዚህ ወራት የሚወሰድ ክኒን ከመጀመራችሁ በፊት ጥፍሩ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ምርመራው ኬ ኦ ኤች ይባላል፤ ቀላል ነው፣ አያምም። አንድ ጊዜ ነጻ ነው መባሉ ሁልጊዜ አይበቃም፣ ሊደገም ይችላል። ተርቢናፊን የሚባለው የፈንገስ ክኒን አንዳንድ ሰው ላይ ሶሪያሲስን ራሱን ሊያስነሳ መቻሉን ደግሞ ልብ በሉ።

አንድ ጥፍር ላይ ብቻ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ወይም እብጠት ካለ ይኼን ጽሑፍ ተዉትና ቶሎ ታዩ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጥፍር ላይ የሚወጣ ሶሪያሲስ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጣታችን የመጨረሻው መገጣጠሚያ ጅማት ከጥፍሩ ሥር ጋር ተያይዟል፤ ስለዚህ ጥፍራቸው የተያዘ ሰዎች የመገጣጠሚያ ሶሪያሲስ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ጠዋት ስትነሱ ጣቶቻችሁ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይደርቃሉ? አንድ ጣት እንዳለ ያብጣል? ተረከዝ ያማል? እኛ አገር ይኼ ሁሉ «ቁርጥማት ነው፣ የጉና ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋል። መገጣጠሚያው ከተጣመመ በኋላ ግን መመለሻ የለውም፤ ቀድሞ ከታከመ ሊቆም ይችላል።

ሕክምናውስ?

አለው፤ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ያድጋል። ሙሉ በሙሉ ለመተካት 6 ወር፣ የእግሩ ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈልጋል። በሁለት ሳምንት «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትተዉት። ቀለል ላለው እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ቅባት በጥፍሩ ሥር ባለው ቆዳ ላይ ይቀባል፣ አንዳንዴ ከካልሲፖትሪዮል ጋር። ያለ ሐኪም ለወራት መቀባት ግን ቆዳውን ያሳሳል። ጥቂት ጥፍሮች ብቻ ከሆኑ ሥራቸው ላይ ትራያምሲኖሎን ይወጋል፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መርፌው ያማል።

ብዙ ጥፍር ከተያዘ ወይም መገጣጠሚያ ከገባበት ሜቶትሬክሴት ይታዘዛል። እባካችሁ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቧት፦ ሜቶትሬክሴት ለሶሪያሲስ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የዋጠ ሰው ሊሞት ይችላል። ቀኑን ምረጡና የካርዱ ጀርባ ላይ በአማርኛ አስጽፉት። ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ከአልኮል ጋር ጉበትን ይጎዳል፤ ከመጀመሩ በፊት የደምና የጉበት ምርመራ ያስፈልጋል። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን ክኒን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ ደግሞ ለጊዜው ያሽላል፣ ሲቆም ግን በሽታው ከፍቶ ሊነሳ ይችላል።

ክሎሮኪንና ፕሮፕራኖሎልም ሶሪያሲስን ሊያባብሱ ይችላሉ። ወደ ፎገራ ሜዳ ወርዳችሁ ወባ ቢይዛችሁ ሕክምናውን አትተዉ፤ ሶሪያሲስ እንዳለባችሁ ብቻ ለባለሙያው ንገሩ።

ቤት ውስጥ ጥፍርን አሳጥሮ መቁረጥ፣ ልብስ ስታጥቡና ድንች ስትቆፍሩ ጓንት ማድረግ፣ ማታ ቫዝሊን መቀባት ይረዳል። ከጥፍር ሥር ያለውን በመርፌ ወይም በእሾህ አትጎርጉሩ፤ ሶሪያሲስ በተጎዳ ቦታ ላይ ይብስበታል።

አይተላለፍም። በመጨባበጥም፣ ከአንድ ማዕድ በመብላትም። አውሮፓም ውስጥ ሶሪያሲስ ለዘመናት ከሥጋ ደዌ ጋር ሲምታታ ኖሮ በ1841 (እ.ኤ.አ.) ሄብራ የሚባል የቪየና ሐኪም ነው በግልጽ የለየው። የሥጋ ደዌ ነጠብጣብ ይደነዝዛል፤ የሶሪያሲስ አይደነዝዝም። (ሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት ይድናል።)

ከደብረ ታቦር ለቆዳ ስፔሻሊስት ወደ ባሕር ዳር፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወይም ወደ ጎንደር ልትላኩ ትችላላችሁ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ አለርት አለላችሁ። ስትሄዱ የጥፍር ቀለሙን አስለቅቁ፤ እንሶስላ የሞቃችሁም እስኪለቅ ጠብቁ፣ ቀለሙ ሁሉንም ይሸፍንብናል። እስካሁን የዋጣችሁትን ክኒን ባዶ ማሸጊያም ይዛችሁ ሂዱ። የጥፍራችሁን ፎቶ በኢንቦክስ ለምትልኩልኝ ደግሞ፦ አያለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ግን ፈንገስን ከሶሪያሲስ በፎቶ ብቻ ለይቼ መድኃኒት አላዝም።