ነሐሴን የሚሻገር ደመወዝ

ከአዲስ ዘመን እስከ ነፋስ መውጫ፣ በደቡብ ጎንደር ሥራ የጀመረ ወጣት ገንዘብ አያያዙ የሚፈተነው በነሐሴ ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ደብረ ታቦር ከተማ በስሙ የምትጠራበት በዓል። በ16 ፍልሰታ ይፈታል። ከዚያ 5 ወይም 6 ቀን ያላት፣ ደመወዝ የማይከፈልባት ጳጉሜን ትመጣለች፤ ወዲያው ዘመን መለወጫ ይከተላል። ጳጉሜንንና ዘመን መለወጫን የሚሸከመው አንድ የነሐሴ ደመወዝ ነው፤ ያውም እህል በሚወደድበት ክረምት። በወር ብቻ የታሰበ በጀት እዚህ ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ዓመቱን አስቀድማችሁ ዘርጉ፤ የወሩን ከዓመቱ ላይ ቆርጣችሁ አውጡ። ትዳርና ልጅ ሳይመጣ ይህን የለመደ ሰው ኋላ ብዙ ጭንቀት ይቀርለታል።

መጀመሪያ እጃችሁ የሚገባውን እወቁ። በቅጥር ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር የሚያቅድ ብዙ ነው፤ ግን ያ ቁጥር ተቆራርጦ ነው የሚደርሰው። ደመወዛችሁ 11,500 ብር ነው እንበል። በ2017 ዓ.ም በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ሆኖ ግብሩ 2,100 ብር ይሆናል። 7 በመቶ ጡረታ 805 ብር ነው። የዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ዕዳ ካለባችሁ ከደመወዙ 10 በመቶ፣ ማለትም 1,150 ብር፣ ይሄዳል። የሚቀረው 7,445 ብር ነው። በጀት የሚሠራው በዚህ ነው።

ቀጥሎ ለአንድ ወር ያወጣችሁትን ሁሉ በደብተር ጻፉ፤ የሻይውን፣ የባጃጁን፣ የካርዱን፣ ለጓደኛ የከፈላችሁትን ጭምር። በዚህ ወር ምንም ለመቀነስ አትሞክሩ፣ ጻፉ ብቻ። ከሱቅ በዱቤ የወሰዳችሁትንም ዕዳውን በከፈላችሁበት ቀን ሳይሆን ዕቃውን በወሰዳችሁበት ቀን መዝግቡ። ዱቤ የሚያታልለው ወጪውን ወደሚቀጥለው ወር እያሻገረ ስለሚደብቅ ነው።

ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል። በአንድ ገጽ ላይ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ጻፉና በየወሩ ሥር የሚመጣውን ወጪ አስፍሩ። መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይበዛል፤ ሚዜ ሁኑ ከተባላችሁ የልብሱ ወጪም አለ። ቤተሰብ ለመጠየቅ የሚወጣው የመኪና ሒሳብ፣ ለደጋው ብርድ የሚሆን ጋቢና ጫማ፣ ለማኅበር የሚዋጣው፣ ለለቅሶ የሚያዘው ሁሉ ይግባ። ለቅሶ ቀኑ አይታወቅም እንጂ መምጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ እንደ ድንገተኛ ወጪ አትዩት። ድምሩ 18,000 ብር ቢመጣ ለ12 አካፍሉት፤ በወር 1,500 ብር ነው። ይህን ደመወዝ በገባ ቀን ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ አዙሩት። በሁዳዴ 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚተርፈውንም ጨምሩበት፤ ፋሲካን የሚያወጣው እሱ ነው።

ከ7,445 ብር ላይ ይህ 1,500 ሲወጣ፣ የቤት ኪራይ 1,500 እና ለክፉ ቀን የሚቀመጥ 500 ሲነሣ 3,945 ብር ይቀራል። ይህን በሳምንት ከፋፍሉት፤ ወደ 900 ብር ይደርሳል። የወር ገንዘብ በ10ኛው ቀን ያልቃል፤ የሳምንት ገንዘብ ግን ቢያልቅም የሚያስቸግረው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው።

900 ብር በየቀኑ ምግብ ቤት ለሚበላ አይበቃም። ሁለት ሦስት ሆናችሁ አብራችሁ አብስሉ። ጤፍ፣ ባቄላና ሽምብራ አዲሱ ምርት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ወደ ገበያ ሲወጣ በጋራ ግዙ፤ የጉና ዙሪያ ድንችም ርካሽ ምግብ ነው። ለዚህ የሚሆነውን ገንዘብ ከኅዳር በፊት ማሰባሰብ ያስፈልጋል፤ እቁብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እቁብ ስትገቡ ግን ዋስ የሚጠይቅ፣ ሰዎቹን የምታውቋቸው ይሁን። ዕጣው መጨረሻ ላይ ቢደርሳችሁ ገንዘቡ እየረከሰ እንደሚጠብቃችሁ አትርሱ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህን ሁላችንም አይተነዋል። በስልክ የሚገኘውን የቴሌብር መላና እንደኪሴ ብድር ለዕለት ወጪ አትንኩት።

ለክፉ ቀን የሚቀመጠው ገንዘብ ሁሉ ስልክና ባንክ ውስጥ አይሁን። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እናውቃለን፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የዕቃ ዋጋ በአንድ ቀን ይንራል። የሁለት ሳምንት ቀለብ የሚሆን ጥሬ ብር ቤት ይኑራችሁ፤ የቀረውን ግን ፀደይ ባንክም ይሁን ንግድ ባንክ፣ ወለድ የሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ውስጥ አስቀምጡት።

ለወላጅ የሚላክ ገንዘብ ከባድ ጉዳይ ነው። ብዙ ወጣት «እምቢ» ማለት ስለሚያፍር አንድ ወር ብዙ ይልክና በቀጣዩ ወር ስልክ አያነሣም። ይህ እናትን የሚጎዳ ነገር ነው። አንዴ ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው፦ «እማዬ፣ በየሁለት ወሩ 1,000 ብር እልክልሻለሁ፤ በፋሲካ ለበግ መግዣ እጨምራለሁ፤ ከዚህ በላይ ስትፈልጊ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ።» ጊዜ ጠብቆ የሚመጣ ትንሽ ገንዘብ ለገበሬ ቤተሰብ ማዳበሪያና ዘር ለማሰብ ይመቻል። ይህም በዓመቱ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ከ18,000ው ውስጥ 6,000ው የየሁለት ወሩ ነው፤ የበጉ ጭማሪ በፋሲካ ወጪ ውስጥ ይታሰባል።

ደመወዝ ከዘገየ የምትቀንሱበትን ቅደም ተከተል አሁኑኑ ጻፉ፦ መጀመሪያ የውጭ ምግብና መዝናኛ፣ ቀጥሎ ልብስ፣ ከዚያ የሠርግ መዋጮ። ኪራይ፣ እቁብና ቀለብ መጨረሻ ላይ ናቸው። ሰኔ ላይ ገጹን አውጥታችሁ ለጳጉሜንና ለዘመን መለወጫ የተቀመጠው ስንት እንደደረሰ ቁጠሩ፤ ቢጎድል የሰኔና የሐምሌ ደመወዝ ገና አለ።