የዘንዶው ደምና የልጅቱ ተረከዝ

ልጆች ሆይ፤ ተረት የምንሰማው ለመሳቅ ወይም እንቅልፍ እስኪመጣ ድረስ ለመቈየት ብቻ አይደለም። በተረት ውስጥ ዘንዶ ይነግሣል፤ ጅብ ይናገራል፤ ሰውም ወደ አውሬ ይለወጣል። እንዲህ ያለውን ነገር በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ ይሁን እንጂ ተረቱ ስለ ክፋትና ስለ ደግነት የሚያስተምረን ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ተረቶችን አስተያይተን እናነባለን። አንዱ ከአክሱም የመጣ ነው፤ ሁለተኛው በዚሁ በጉለሌ፥ በቀጨኔ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ብዙ ዘመን ሲወራ የኖረ ነው።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን አርዌ የሚባል ዘንዶ በአክሱም አገር ነግሦ ነበር። ሕዝቡ ጠላና ወተት ይገብሩለት ነበር፤ ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በተራው የበኵር ሴት ልጁን ይሰጠው ነበር። ተራው እትየ አዜብ ለምትባል ልጅ በደረሰ ጊዜ ወላጆቿ ወስደው ከዛፍ ላይ አሰሯትና ትተዋት ተመለሱ። በዚያን ጊዜ ሰባት ቅዱሳን በመንገድ ሲያልፉ ከዛፉ ጥላ ሥር ለማረፍ ተቀመጡ። ልጅቱ ስታለቅስ እንባዋ ጠብ አለባቸው። ቀና ብለው አዩና ማን እንደ ሆነች፥ ስለ ምንስ እንደ ታሰረች ጠየቋት፤ እርስዋም ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። ዘንዶው በመጣ ጊዜ ቅዱሳኑ በመስቀል መትተው ገደሉት። ነገር ግን ከደሙ ጥቂት በልጅቱ እግር ላይ ፈሰሰ፤ ወዲያውም ተረከዝዋ የአህያ ተረከዝ ሆነ።

ብዙ ተረት ክፉው ሲሞት ያልቃል። ይህ ግን አላለቀም፤ ስለዚህ ከብዙዎቹ ይልቅ እኔ ይህን እወዳለሁ። ዘንዶው ሞቷል፤ ልጅቱም ድናለች፤ ሆኖም በእግርዋ ላይ ምልክት ቀርቶባታል። ያን ምልክት ያመጣባት የራስዋ በደል አይደለም፤ በክፋት አጠገብ ታስራ መገኘትዋ ብቻ ነው። አስተውሉ፤ ከቍስል የዳነ ሰው ጠባሳ ይኖረዋል፤ ጠባሳውም የወጊው እጅ ሥራ ነው እንጂ የተወጊው ኀጢአት አይደለም።

ቅዱሳኑ ፈተው በሰደዷት ጊዜ ወደ መንደርዋ ሄደች። የመንደሩ ሰዎች ግን ባዩዋት ጊዜ ከዘንዶው አምልጣ የመጣች መሰላቸውና አባረሯት። እነዚህ ሰዎች ጨካኞች ሆነው የተፈጠሩ አልነበሩም፤ የሚፈሩ አባቶችና እናቶች ነበሩ። ነገር ግን ዘንዶው ከሞተ በኋላ እንኳ ስለ ፈሩት ብቻ የርሱን ሥራ ይሠሩለት ነበር። ልጅቱ ያን ሌሊት ከዛፍ ላይ ወጥታ አደረች። በማግሥቱ ሰዎቹን ወስዳ ሬሳውን አሳየቻቸው። ባዩም ጊዜ አመኑ፤ እርስዋንም በላያቸው ሾሟት።

እንግዲህ ከተሾመች በኋላም ተረከዝዋ ያው የአህያ ተረከዝ ነበረ። ሹመት ሙሉ አላደረጋትም። ደግ ሰው መሆን አንድ ነገር ነው፤ ሙሉ ሆኖ መገኘት ግን ሌላ ነው፤ ይህን ልዩነት የሚያሳይ ተረት ብዙ አይገኝም። ከዚህ በኋላ በኢየሩሳሌም ሰሎሞን የሚባል ንጉሥ እንዳለ፥ ወደ ደጁም የገባ ሁሉ ከደዌው እንደሚፈወስ ሰማች። እንደ እርስዋ ወጣት የሆነች አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ በሹመት ሁለተኛ ያደረገቻት እርስዋን ነበር። ሁለቱም ጠጕራቸውን እንደ ወንድ አሰናድተው ሰይፍ ታጥቀው ተነሡ። ከአክሱም እስከ ኢየሩሳሌም ያለውን መንገድ ሁሉ የሄደችው በዚያው በታመመው እግርዋ ነው። የንጉሡን ደጃፍ በተሻገረች ጊዜ ተረከዝዋ እንደ ቀድሞው ሆነ።

ይህን ታሪክ ኤኖ ሊትማን የተባለ የጀርመን ሊቅ በትግረ ቋንቋ እንደሚነገረው አድርጎ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1904 ዓመት አሳትሞታል። አነጋገሩ ግን ብዙ ዓይነት ነው። በሌላው አነጋገር ዘንዶውን የሚገድለው አንጋቦ የሚባል ሰው ነው፤ እርሱም መርዝ በፍየል አብልቶ ይገድለውና በፈንታው ይነግሣል። በክብረ ነገሥት የተጻፈችው ንግሥተ ሳባ ደግሞ ጥበብን ለመስማት ወደ ሰሎሞን ትሄዳለች እንጂ የአህያ ተረከዝ የላትም። የአገራችን ሠዓሊዎች ታሪኩን በጨርቅ ላይ በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍለው ይሥሉታል፤ ብዙ ጊዜ ክፍሎቹ 44 ይሆናሉ፤ የመጀመሪያዎቹም የዘንዶውን መንግሥት ያሳያሉ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ቀጨኔ ከእንጦጦ ተራራ በታች ያለ የጉለሌ ሰፈር ነው። በዚያ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፤ ጀበናው፥ ድስቱ፥ ምጣዱ፥ እንስራውም ከእጃቸው ይወጣል፤ ሸማ የሚሠሩም አሉ። በኢትዮጵያ ብዙ አገር ግን ስለ ሸክላ ሠሪ፥ ስለ ብረት ቀጥቃጭና ስለ ቆዳ ፋቂ አንድ ክፉ ተረት ይነገር ነበር። ቡዳ ናቸው፥ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ፥ ሌሊት ወደ ጅብ ይለወጣሉ ይባል ነበር። እንዲያውም በተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ የወርቅ ጕትቻ ተገኘ እያሉ የሚያወሩ ነበሩ። የቀጨኔም ሰዎች በዚህ ስም ሲጠሩ ኖረዋል።

ይህ ተረት እንደ ተረት ብቻ ቢሰማ ያስፈራል፤ ያስደንቃልም። ነገር ግን ከእሳት ዳር ተነሥቶ ወደ ጎረቤት ደጅ ሄደ። በእርሱ ምክንያት ሰዎች ከባለ እጅ ቤት ጋብቻን ከለከሉ፤ አብሮ መብላትንም ተጸየፉ፤ ሕፃን በታመመ ጊዜ ሸክላ ሠሪዋን ከሰሱ። የሚያስገርመው ግን ሸክላዋን ገዝተው ወጥ ሠርተውባት ይበሉ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጆችን መስደብ ከለከሉ፤ እንዲህ ያለው ስድብ አገሪቱን ማረሻ የሚሠራ ሰው እንኳ ያሳጣታል ብለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወሬው ግን ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም።

ሁለቱን ተረቶች አስተያዩ። እትየ አዜብ የዘንዶውን ሬሳ አሳየች፤ መንደርተኞቹም አይተው ከፍርሃታቸው ተመለሱ። ሸክላ ሠሪዋ ግን ምን ታሳያለች? ያልሆነችውን ነገር አለመሆንዋን የምታስረዳበት ሬሳ የላትም። በመጀመሪያው ተረት ክፋት አርዌ የሚባል ስምና አካል አለው፤ ሲሞትም ይታያል። በሁለተኛው ግን ክፋት ሁልጊዜ በሌላው ሰው ቤት ነው፤ ተራኪውም አንድ ጊዜ እንኳ የራሱን ቤት አይመለከትም።

ከቀጨኔ በላይ በተራራው ራስ የእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በወጣትነታቸው በዚያ ተምረዋል። እርሳቸው በ1915 ዓ.ም. ወዳጄ ልቤ የሚባል መጽሐፍ አሳተሙ፤ የሰውን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ የሚገልጽ ነው። ይህን የመሰለ አጻጻፍ በሌላም አገር ነበረ። የእንግሊዙ ጆን ቡንያን በ1678 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባሳተመው የክርስቲያን መንገድ በተባለው መጽሐፍ የሰውን ጠባይ እንደ ሰው እያቆመ አናግሮታል፤ ያም መጽሐፍ ከኅሩይ አስቀድሞ ወደ አማርኛ ተመልሶ ነበር። ኅሩይ በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ተሰደው፥ በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዐረፉ።

የመጽሐፉን ስም ብቻ እንኳ ተመልከቱ። ሰውየው የሚነጋገረው ከገዛ ልቡ ጋራ ነው፤ ልቡንም ወዳጄ ብሎ ይጠራዋል። ልብ ሊያስት እንደሚችል ያውቃል፤ ሆኖም ከርሱ ጋራ መንገድ ይሄዳል እንጂ ቆርጦ አይጥለውም። ትዕቢት ወይም ቅንዓት በምሳሌ እንደ ሰው ቆሞ ሲናገር የሚያነብ ልጅ፥ ይህ በእኔ ዘንድ ይኖር ይሆን ብሎ ራሱን ይጠይቃል። የቡዳን ወሬ የሚሰማ ልጅ ግን፥ ይህ በማን ቤት ይኖር ይሆን ብሎ አጥር ለአጥር ይመለከታል።

የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ጭቃውን አቡክታ በእጅዋ ትቀርጸዋለች፤ ሲደርቅ አለስልሳ በእሳት ታቃጥለዋለች። በማቃጠል ጊዜ ከሥራዋ የሚሰነጠቅ አይጠፋም፤ የተረፈውን ይዛ ወደ ገበያ ትወጣለች። ሲመሽም ጅቡ ከእንጦጦ ዱር ወርዶ ሲጮኽ፥ እንደ ጎረቤቶችዋ ሁሉ ልጆችዋን ወደ ቤት አስገብታ በርዋን ትዘጋለች።