ሐላል ዕረፍት በዛንዚባር፦ ከጉዞ በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነገሮች

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይስፈን።



ሰሞኑን አንድ ወዳጄ፣ «ቤተሰቤን ይዤ ለጥቂት ቀናት ዛንዚባር ልሄድ አስቤያለሁ። አገሩ የሙስሊም አገር ስለሆነ አያሳስበኝም» አለኝ። መልሱን ለእርሱ ብቻ ነግሬ ከማልፍ ለሌሎችም ይጠቅም ዘንድ በጽሑፍ ላቀርበው ወደድኩ። ምክንያቱም እኔም አንድ ጊዜ ልክ እንደ እርሱ አስቤ ተሳስቻለሁ።

በቅድሚያ፣ «ለመሆኑ ዕረፍት ለሙስሊም ይገባዋልን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያስፈልጋል። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ወንድማቸው አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) ቀኑን በጾም ሌሊቱን በሶላት ሲያሳልፉ ባዩ ጊዜ ነፍሳቸውም ቤተሰባቸውም ሐቅ እንዳላቸው አስታወሷቸው። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን እውነት መናገራቸውን እንዳጸደቁላቸው ኢማም ቡኻሪ ዘግበዋል። ስለዚህ ዕረፍት በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ግዴታን ሲያስረሳ፣ ወይም በብድርና በብክነት ሲመጣ ነው። ዕዳ ያለበት ዕዳውን ይክፈል። ዘካ የደረሰበት ዘካውን ያውጣ። ሐጅ ግዴታ ሆኖበት ገና ያልሄደ ደግሞ የመዝናኛውን ትኬት ከመቁረጡ በፊት ደጋግሞ ያስብ።

ዛንዚባር በታንዛኒያ ኅብረት ውስጥ የራሷ ፕሬዚዳንትና ምክር ቤት ያላት የደሴቶች አገር ናት። ትልልቆቹ ደሴቶች ኡንጉጃና ፔምባ ይባላሉ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ቆጠራ ሕዝቧ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ እጅግ የሚበዛው ሙስሊም ነው። በደቡብ ኡንጉጃ የሚገኘው የኪዚምካዚ መስጊድ በ500 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም በ1107 (እ.ኤ.አ.) የተቀረጸ የኩፊ ጽሑፍ አለው። ስቶን ታውን የምትባለው አሮጌ ከተማ በ2000 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ለሚበር ሰው መንገዱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

እኔ ግን የተሳሳትኩት ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው። አገሩ የሙስሊም ነውና ሆቴሉም እንደዚያው ይሆናል ብዬ፣ ምንም ሳልጠይቅ የአምስት ቀን ሒሳብ አስቀድሜ ከፈልኩ። ስንደርስ የመመገቢያው አዳራሽና መጠጥ ቤቱ አንድ ላይ ናቸው። ከምግቡ መካከል የአሳማ ሥጋ ቀርቧል። መዋኛው ወንድና ሴት ተራቁተው የሚቀላቀሉበት ነው። ገንዘቡ ስለማይመለስ ሌላ ቦታ መሄድ አልቻልንም። የልጆቼ እናት አብዛኛውን ጊዜ በክፍሏ ተቀመጠች። ልንመለስ ሻንጣ ስንዘጋ፣ «ባሕሩን ያየሁት በመስኮት ነው» አለችኝ። ከዚህ በላይ አንድም ቃል አልተናገረችም። ከሃያ ዓመት በላይ ቤታችንን ተሸክማ የኖረችን ሴት ላሳርፍ ወስጄ አስሬያት ተመለስኩ። የሰጠኋት ዕረፍት ለእኔ እንጂ ለእርሷ አልነበረም።

ታዲያ ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ የአገሩ ሃይማኖትና የሆቴሉ አሠራር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዛንዚባር ለቱሪስት የተሠሩ ብዙ ሆቴሎች መጠጥ ይሸጣሉ። ስለዚህ ከመክፈል በፊት በግልጽ መጠየቅ ይገባል፦ መጠጥ ይሸጣልን? ሥጋው የታረደው የት ነው? ወጥ ቤቱ አሳማ ያበስላልን? ሴቶች ለብቻቸው የሚዋኙበት ቦታ ወይም ሰዓት አለን? በሙስሊም ቤተሰብ የሚተዳደሩ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያዎች ከትልልቆቹ ሆቴሎች ይልቅ ለዚህ የተመቹ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። የባሕር ዓሣ ደግሞ መታረድ የማያስፈልገው ሐላል ምግብ ነውና አሳቡን ያቃልላል።

ሁለተኛ፣ ወቅትን መምረጥ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ረጅሙ ዝናብ ይጥላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደረቅና ነፋሻ ነው። በረመዳን ደግሞ ብዙ ምግብ ቤቶች ቀን ይዘጋሉ፣ በአደባባይ መብላትም ነውር ነው። ከወጪው ጋር ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ዜጋ እንዲገዛ የታዘዘው 44 ዶላር የጉዞ መድን ይታሰብ። ከአገራችን የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ይያዝ፤ ስለ ወባም ሐኪም ያማክር።

ሦስተኛ፣ ሶላት ነው። በዚያ ጉዞ በጀልባ ለሽርሽር ወጥተን ስንመለስ ዐስር አለፈን። ሃይማኖታችን ግን ለመንገደኛ ማቅለያ ሰጥቷል። ዙህር፣ ዐስርና ዒሻ ወደ ሁለት ረከዓ ያጥራሉ፤ ሱብሒና መግሪብ አይነኩም። በሻፊዒይ መዝሀብ የመግቢያውና የመውጫው ቀን ሳይቆጠር በአንድ ቦታ አራት ቀን ለመቆየት የነየተ ሰው ሙሉ ይሰግዳል። በሐነፊዮች ዘንድ ወሰኑ አሥራ አምስት ቀን ነው። ሻፊዒዮች ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ መጣመር ለመንገደኛ ይፈቅዳሉ፤ ሐነፊዮች አይፈቅዱም። ከነዋሪ ኢማም ኋላ የተከተለ ግን አራቱን ይሞላል። እያንዳንዱ ከመውጣቱ በፊት ዓሊሙን ይጠይቅ። እኔ አስቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ጀልባው ከመነሣቱ በፊት ሁለቱን አጣምሬ እሰግድ ነበር።

ቀሪው ለእኛ ቀላል ነው። መካ ከአዲስ አበባም ከዛንዚባርም ስትታይ ወደ ሰሜን ናት፤ ስለዚህ ሰሜንን ያወቀ ቂብላውን አወቀ። የዛንዚባር ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ እኩለ ቀን በስዋሂሊም ስድስት ሰዓት ነው። ፀሐይም ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነውና የመግሪብ ሰዓት ብዙ አይዋዥቅም።

አራተኛ፣ ባሕሩን ማወቅ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እጅግ ርቆ ይሸሽና ተመልሶ ይሞላል። በሰሜን በኑንጉዊ ግን ሽሽቱ ያን ያህል አይደለም። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጨረቃ ነውና የሒጅራ ቀን የሚቆጥር ሙስሊም አስቀድሞ ሊገምተው ይችላል። በወሩ መባቻና ጨረቃ በምትሞላበት በ15ኛው ቀን አካባቢ ባሕሩ አብዝቶ ይሞላል፣ አብዝቶም ይሸሻል። በ8ኛውና በ22ኛው ቀን አካባቢ ልዩነቱ ይቀንሳል።

ባለፈው ዓመት ዳግመኛ ሄድን። በዚህ ጊዜ የጠየቅኩት አስቀድሜ ነው፤ በቅድሚያ የጠየቅኩትም የልጆቼን እናት ነበር። «አንቺን የሚያሳርፍሽ ምንድን ነው?» ስላት፣ «ማንም ሳያየኝ ወይም እንዳለሁ ብታይም ሳልሳቀቅ ውሃ ውስጥ መግባት» አለችኝ። ጃምቢያኒ ውስጥ በአንድ ትንሽ ማረፊያ ሦስት ሌሊት አደርን። ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ የመንደሩ ሴቶች ከነልብሳቸውና ከነሒጃባቸው ውሃው ውስጥ ቆመው የባሕር ሣር ያለማሉ። በዚያ ዳርቻ ተሸፍና ባሕር የገባች ሴት እንግዳ አይደለችም። የልጆቼ እናትም ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ልጃችንን በእጇ ይዛ፣ እስከ ወገቧ ገባች። እኔ ከዳር ሆኜ ጫማቸውን ጠበቅኩ።

ወንድሞች ሆይ፣ ለቤተሰባችን ዕረፍት ስናስብ ከትኬቱና ከሆቴሉ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ከእኛ ጋር የምትሄደው ሴት ዲኗን ሳትተው የምታርፍበት ካልሆነ፣ ለእርሷ ዕረፍት አይደለም።

ወላሁ አዕለም።